ግጥሙ የት አለ?

ታላቅ እህቴ የግጥም ደብተር ነበራት። ባለ 50 ሉክ ነው፤ ሽፋኑ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበደ። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ቴፑ አጠገብ ቁጭ ትላለች። አንድ ስንኝ ትሰማለች። ታቆመዋለች። ትጽፋለች። ያልያዘችው ቃል ካለ ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ትሰማለች። ለአንዲት ቃል ብላ አንዳንዴ አስር ጊዜ ትመላለሳለች። እናታችን ከጓዳ ሆና «ኧረ ቴፑ ካሴቱን ይበላዋል!» ትላለች። የእኔ ሥራ ማጠንጠን ነበር። ድንጋይ ቶሎ እንዳያልቅ ካሴቱን አውጥቼ በቢክ እስክርቢቶ አሽከረክረዋለሁ።

ደብተሩ ዝም ብሎ የተሞላ አልነበረም። አዝማቹ በቀይ ነው የሚጻፈው። የዘፋኙ ስም በትልልቁ ይጻፍና ዙሪያው በአበባ ሐረግ ይከበባል። ከጋዜጣ ተቆርጦ የተለጠፈ ፎቶ አለ። ከሥር ደግሞ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ብላ የእያንዳንዱን ባለሙያ ስም ትጽፋለች፤ ልክ ካሴቱ ላይ እንዳለው። የክፍል ጓደኞቿ እየተዋሱ ይገለብጡት ነበር። ሰኞ የሄደ ደብተር አርብ ሲመለስ ህዳጉ ላይ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። «ይሄ ስንኝ እንዲህ አይደለም» የሚል፣ ወይም ቀስት የተሰካበት ልብ።

ያ ደብተር መጽሔት እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለንደን ላይ ነው።

ለንደን የሄድኩት በ16 ዓመቴ ነው። ኮሌጅ ስገባ ከመረጥኳቸው ትምህርቶች አንዱ ሚዲያ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ የቤት ሥራችን ለወጣቶች የሚሆን አዲስ የሙዚቃ መጽሔት መንደፍ ሆነ። ሽፋን፣ ማውጫ እና ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ። እንግሊዝ አገር ሚዲያ የተማረ ብዙ ሰው ይህን የቤት ሥራ ያውቀዋል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁበት። ጥቁር መደብ፣ ቀጫጭን ነጭ ፊደል፣ ወደ ጎን የሚያይ የተከዘ ወጣት ፎቶ። ትልልቅ ሰዎች የሚያነቧቸውን መጽሔቶች አስመሰልኩት። «ቁም ነገር ያለው» እንዲባልልኝ ፈልጌ ነበር።

የሥራው አንዱ ክፍል ደግሞ ለታለመለት አንባቢ አሳይቶ አስተያየት መቀበል ነው። ቅዳሜ ወደ አክስቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ግድግዳዋ በፖስተር ተሸፍኗል፤ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ሳይቀር ለጥፋለች። መጽሔቴን ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። «ያምራል» አለች። መለሰችልኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ግጥሙ የት አለ?» አለችኝ።

ግጥም የለውም አልኳት።

«እና ምኑን ልቁረጥ?»

ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ሙያዬ ዲዛይን ሆኖ ዓመታት ሠርቻለሁ። የምግብ ቤት ሜኑ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ሠርቻለሁ። ግን ወጣት አንባቢ በተባለ ቁጥር ወደዚያች መኝታ ቤት ነው የምመለሰው። ልጅቷ ስለ ቀለም አልጠየቀችኝም። ስለ ፊደሉ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ በእጇ ምን እንደምታደርግበት ነው።

ከዚያ በኋላ መፈለግ ጀመርኩ። እሁድ እሁድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ እየሄድኩ የድሮ የፖፕ መጽሔቶች እሰበስብ ነበር። ከሁሉም በላይ የያዘኝ ስማሽ ሂትስ የሚባለው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስማሽ ሂትስ የተጀመረው በ1978 ነው። የመሠረተው ኒክ ሎጋን ይባላል። ሰውየው ከዚያ በፊት የኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ ዋና አዘጋጅ ነበር። ያ ጋዜጣ የታወቀና የተከበረ ነበር። ረጃጅም ጽሑፍ፣ ብዙ ትንታኔ፣ ቀለሙ እጅ ላይ የሚቀር የጋዜጣ ወረቀት። ሎጋን ይህን ትቶ የሄደበት መንገድ ነው የሚገርመኝ። አዲሱን መጽሔት በምን ላይ መሠረተው? በዘፈን ግጥም ላይ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ በሙሉ ቀለም፣ በሰሞኑ የሚደመጡትን ዘፈኖች ግጥም ከነፎቷቸው ማተም። ዋናው ሐሳብ ይኸው ነው።

አሳታሚው ኢማፕ የሚባል ድርጅት ነበር። ይታወቅ የነበረው ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ ሞተር ብስክሌት በሚያሳትማቸው ጋዜጦች ነው። ይህ ነገር መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ስሜት ሰጠኝ። ዓሣ አጥማጅ ጋዜጣ የሚገዛው ቅዳሜ ወንዝ ዳር ሄዶ የሚያደርገው ነገር ስላለ ነው። የ13 ዓመት ልጅም እንደዚያው ናት። መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ የምታደርገው ነገር አላት።

መጽሔቱ በ1979 በየሁለት ሳምንቱ መውጣት ጀመረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ዕትም ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እስከ መሸጥ ደረሰ። አስቡት፣ ዋናው ሸቀጥ በነፃ ሬዲዮ የሚሰማ ዘፈን ነው። ሰው ግን ቃሉን በእጁ መያዝ ፈለገ።

የገዛኋቸውን ቅጂዎች ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ስለ ግጥም ገጾቹ ትንሽ ልዘርዝር፤ ከዲዛይን ትምህርት ቤት ያላገኘሁትን ያገኘሁት እዚያ ነውና። አንድ ዘፈን ሙሉ ገጽ ይሰጠዋል። የዘፋኙ ፎቶ ከግጥሙ ጎን ወይም ከኋላው ይሆናል። ቃሉ ግን ሁልጊዜ ይነበባል። ገጹን እያዩ አብሮ መዝፈን እንዲቻል ነው የተደረደረው። ከሥር በደቃቁ የግጥሙ ባለመብት ድርጅት ስምና በፈቃድ መታተሙ ተጽፏል። ያቺ ደቃቅ መስመር የእህቴን «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» አስታወሰችኝ። ልጅ አንባቢ የሥራውን ባለቤት ስም አያይም የሚል ካለ ተሳስቷል። ያያል።

ሌላው ነገር አነጋገሩ ነው። ስማሽ ሂትስ አንባቢውን ከላይ ወደ ታች አያየውም። ከአንባቢ ለሚመጣ ደብዳቤ ብላክ ታይፕ በሚል ስም መልስ የሚሰጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ነበረው፤ ከልጆቹ ጋር እንደ ሰፈር ጓደኛ ይመላለሳል። ኮከቦቹንም እንደ ጣዖት አያቆማቸውም። በ1987 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ሳይቀር ቃለ መጠይቅ አድርጓል። አገር የምትመራ ሰው ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች መጽሔት ቁጭ ብላ መልስ ሰጠች። ኋላ ፔት ሾፕ ቦይስ በተባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ የዘፈነው ኒል ቴናንትም ከ1982 ጀምሮ እዚያ ይሠራ ነበር፤ ቆይቶም ረዳት አዘጋጅ ሆነ። ሰዎቹ ፖፕን ይወዱት ነበር፤ ይህ ከገጹ ላይ ይታወቃል። ዲዛይነር የማይወደውን ነገር ለወጣት ማስመሰል አይችልም። ወጣት ወዲያው ይነቃበታል።

ሎጋን ራሱ ብዙም አልቆየም። በ1980 ከራሱ ቁጠባ አውጥቶ ዘ ፌስ የሚባለውን መጽሔት ጀመረ። ከ1981 ጀምሮ ኔቪል ብሮዲ ያንን መጽሔት ሲነድፈው የዓለም ዲዛይነር ሁሉ ፊደሎቹን ሊቀዳ ተረባረበ። እኛም በትምህርት ቤት የተማርነው ብሮዲን ነው። ስለ ስማሽ ሂትስ ግን አንድም መምህር አላነሳልኝም። ይህ ቅር ይለኛል። ብሮዲ ትልቅ ሰው ነው፤ እሱን አልነካም። ግን በሙዚየም የሚሰቀለውን ዲዛይን ብቻ እየተማርን፣ ልጆች መኝታ ቤታቸው የሚሰቅሉትን ዘለልነው።

ጀርመኖቹ ደግሞ ነገሩን እስከ መጨረሻው ወስደውታል። ብራቮ የሚባለው የወጣቶች መጽሔታቸው በ1956 የተመሠረተ ነው። በ1959 አንድ ነገር ጀመሩ፤ ሽታርሽኒት ይሉታል። የአንድ ኮከብ ፎቶ በቁመቷ ልክ ይታተማል። ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። በእያንዳንዱ ዕትም አንድ ቁራጭ ይወጣል። አንዱ ሳምንት እጅ፣ ሌላው ሳምንት የቀሚስ ጫፍ። አንባቢው እየቆረጠ፣ ግድግዳው ላይ እየገጣጠመ ይለጥፋል። የመጀመሪያዋ ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ብሪዢት ባርዶ ነበረች። አንድ ሳምንት ያመለጠው ልጅ ክንድ የሌላት ባርዶ ግድግዳው ላይ ይዞ ይቀራል። የገጹ ዲዛይን እዚህ ወረቀቱ ላይ አያልቅም። ልጁ ግድግዳ ላይ ነው የሚያልቀው።

ይህን ካየሁ በኋላ መጽሔትን የማየው በመቀስ ዓይን ሆነ። ፖስተር የት ይቀመጣል? መሀል ላይ፤ ሽቦው ሲፈታ ሳይቀደድ እንዲወጣ። እዚያም ቢሆን የዘፋኙ ፊት ከመታጠፊያው ፈቀቅ ማለት አለበት። ሽቦ አፍንጫው ላይ የተወጋ ኮከብ ማን ይሰቅላል? የሚቆረጥ ገጽ ጀርባ ላይ ምን ይታተማል? ሌላ ሰው የሚወደው ነገር አይደረግበትም። ከአንዱ ዘፋኝ ጀርባ ሌላ ዘፋኝ ካስቀመጥክ አንባቢዋን ከሁለት አንዱን ምረጪ ማለትህ ነው። እንዲህ ዓይነት ጭንቀት ለትልቅ ሰው ተራ ነገር ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ግን ከባድ ነው። እኔም በእህቴ ደብተር ጊዜ አውቀዋለሁ። አንዲት ፎቶ ለመቁረጥ ስንት ቀን እንደምታመነታ አይቻለሁ።

ስለ ሽፋን ብዙ አልልም። ሽፋን ላይ ብዙ ተጽፏል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ መጽሔቶች ስለሚደራረቡ የሚታየው የግራ ጠርዙ ነው፤ ዋናው ነገር እዚያ ይሁን። ፊቱ አንባቢውን ያየው። አንድ ትልቅ ስም ይበቃል። የእኔ ተካዥ ወጣት ወደ ጎን ነበር የሚያየው፤ የአክስቴን ልጅ አላያትም።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት አካባቢ ያሉ የሐበሻ ወላጆች ለልጆቻቸው የክረምት ፕሮግራም ያዘጋጁ ነበር። ልጆቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ብዙዎቹ ግን ማንበብ ይከብዳቸዋል። አንዷ እናት «የሚያነቡት ነገር ሥሪልን፤ ግን የትምህርት ቤት መጽሐፍ እንዳይመስል» አለችኝ። ወዲያው የእህቴ ደብተር ነው ትዝ ያለኝ። የሙዚቃ መጽሔት እንሥራ አልኩ። 24 ገጽ፣ 300 ቅጂ።

በእንግሊዝኛ ሲሆን እጄ ያውቀዋል። በፊደል መሥራት ስጀምር ግን የተማርኩት ግማሹ አልሠራ አለኝ። የፈረንጅ የፖፕ መጽሔት ሲጮህ በትልልቁ ሆሄ ነው የሚጮኸው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም። ሲያንሾካሹኩ ደግሞ ፊደሉን ያዘነብሉታል። የእኛ ፊደል ሲዘም የሰከረ ይመስላል፤ አያምርበትም። ታዲያ በምን እንጩህ? በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለም፣ በባዶ ቦታ። መጀመሪያ ድህነት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሀብቱን አገኘሁት። የእኛ ቃል አጭር ነው። «ዘፈን» ሦስት ፊደል ነው። «ዜማ» ሁለት። ሁለት ፊደል ገጹን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መሙላት ይችላል። የፈረንጁ ዲዛይነር ስምንት ዘጠኝ ሆሄ እየጨፈለቀ የሚያስገባበት ቦታ ላይ እኔ ሁለት ፊደል እንደ ቤት ምሰሶ አቆምኩ። ማንም መንገደኛ ከማዶ ያነበዋል።

የፊደል ዓይነት መምረጡ ግን አድካሚ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኒያላ ንጹሕ ፊደል ነው፤ ግን ለዓይኔ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሸተዋል። ኖቶ ይነበባል፤ ለጽሑፉ እሱን ወሰድኩ። ለርዕሶቹ የሚሆን፣ የሚጨፍር ፊደል አላገኘሁም። አወፈርኩት፤ ሲወፍር የፊደሉ ሆድ ይደፈናል። ጩ እና ሟ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ሹ ከሺ የሚለየው እኮ አንዲት ጭረት መሀል ወይም ግርጌ በመሆኗ ነው። ጭረቷ ከጠፋች ቃሉ ጠፋ። በመጨረሻ በእጄ ሣልኩት። አዲስ አበባ ሳድግ ሱቅና ፀጉር ቤት በር ላይ በብሩሽ የተጻፉ ታፔላዎችን አስታወስኩ። እነዚያ ሠዓሊዎች ጥላ ያለው፣ የተነፋ፣ ጫፉ የተጠማዘዘ ፊደል ይጽፉ ነበር። የወጣት ፊደል ፍለጋ ለንደን ስንከራተት ልጅ ሆኜ በየቀኑ ሳየው ኖሬአለሁ።

የግጥም ገጹ ላይ ያገኘሁት ነገር ግን ከሁሉም አስደሰተኝ። ግጥም የወል ቤት በሚባለው ምት ሲጻፍ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 ክፍለ ቃል አለው፤ ስድስት ተብሎ ያርፋል፣ ስድስት ተብሎ ይዘጋል። ፊደላችን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቀለም አንድ ፊደል ነው፤ ሳድስ ሲገባ ትንሽ ይጨምራል። ስለዚህ ስንኞቹ ሲደረደሩ ርዝመታቸው ይቀራረባል። ቅኝታቸው በዓይን ይታያል። እኔ የዓምዱን ስፋት በሚሊ ሜትር ሳሰላ ነበር፤ ግጥሙ ራሱ ስፋቱን ነገረኝ። ማረፊያው ላይ ሰፋ ያለ ክፍተት ተውኩ። ማንበብ የሚከብዳቸው ልጆች ትንፋሽ የሚወስዱት እዚያ ላይ ነው። ዘፋኙም እዚያው ነው የሚተነፍሰው።

አዝማቹን በቀይ አደረግሁት። ይህ የእህቴ ውሳኔ ነው። እኔ አልጨመርኩበትም።

አንድ ክርክር ነበረብን። ለማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች ከእያንዳንዱ ስንኝ ሥር ንባቡን በላቲን ፊደል በደቃቁ አስቀመጥኩ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ አልተስማሙም። «ልጄ፣ እንዲህ ካደረግሽማ ፊደሉን መቼ ይማሩታል?» አሉኝ። ልክ ነዎት አልኳቸው፤ ግን ሞክሬ ልየው። ፊደሉን ትልቅና ጥቁር፣ ላቲኑን ትንሽና ግራጫ አደረግሁት። የሚዘፍን ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ላይ ነው። አዝማች ደግሞ ይደጋገማል። ሲደጋገም ላቲኑን ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ተውኩት። ልጆቹ ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ የሚያነቡት ፊደሉን ብቻ ነው፤ ያውም ሳያውቁት።

ፎቶው ላይ ግን ልቤ ተሰበረ። የመጀመሪያው የማተሚያ ቤት ናሙና ሲመጣ የልጆቻችን ፊት አመድ መስሎ ነበር። ጠይም ፊት፣ ቀይ ዳማ ፊት፣ ጥቁር ፊት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ። ስደውል «ወረቀቱ እንደዚያ ነው፣ ምንም አይደረግም» የሚል መልስ አገኘሁ። ምንም አይደረግም የሚባል ነገር የለም። ኅትመት በአራት ቀለም ነው፤ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። ጠይም ቆዳ ላይ ሰማያዊውና ጥቁሩ ከበዛ፣ በተለይ ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ፣ ደሙ ይጠፋል። ሰማያዊውን ቀነስኩ፤ ጥቁሩን ከጥላው ውጪ አወጣሁ፤ ፊቱን ትንሽ አበራሁ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ አንድ ፎቶ በአንድ ፎቶ። ሁለተኛው ናሙና ሲመጣ ፊታቸው ተመለሰ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ራሷን የምትመስል ኮከብ ገጽ ላይ ፈልጋ አመድ ካገኘች፣ የቀረው ዲዛይን ሁሉ ምን ዋጋ አለው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከሰበሰብኳቸው የወጣት መጽሔቶች ብዙዎቹ ማስታወቂያቸው ያስከፋኛል። በአንዱ ገጽ «እንደ ራስሽ ሁኚ» ይላሉ። ገልበጥ ስታደርጊው ቆዳሽን የሚያጸዳ፣ ወገብሽን የሚያቀጥን ነገር ይሸጡልሻል። እኛ ማስታወቂያ አልወሰድንም ማለት ይቻላል፤ አቅሙም ስለሌለን ጭምር። ብንወስድ ግን ያንን አልወስድም ነበር።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። አሁን እኮ ግጥሙ ስልክ ላይ አለ፤ ወረቀት ለምን? እውነት ነው። ስማሽ ሂትስም የካቲት 2006 ላይ ተዘግቷል። የልጆቹ ዓይን ወደ ስክሪን ሄዶ ነበር። እኔ ይህን አልክድም። ግን ከክረምቱ ፕሮግራም ልጆች አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ወፍራም ማኅደር ትይዛለች። ከፍታ አሳየችኝ። በላስቲክ ኪስ በኪስ የተቀመጡ የኮሪያ ዘፋኞች ትንንሽ ካርዶች ናቸው። ከአልበሙ ጋር ነው የሚመጡት። የትኛው እንደሚደርስ አይታወቅም። ይለዋወጣሉ። ዘፈኑን በስልኳ ትሰማለች፤ ካርዱን ግን በሁለት ጣት ጠርዙን ይዛ ነው የምታሳየው፤ ጥፍሯ እንዳይነካው እየተጠነቀቀች። እህቴም ፎቶዎቿን እንደዚያ ነበር የምትይዘው። ስለዚህ በእኛ መጽሔት መጨረሻ ገጽ ላይ ስምንት ካርዶች አተምን። የምታስቡትን ሁሉ ዘፋኝ አላስገባንም፤ ፎቶ አንሺዎቹ የፈቀዱልንን ብቻ። ዙሪያቸው የተቆራረጠ መስመር አለ፤ ከጎኑ ትንሽ መቀስ ተስሏል።

የግጥም ገጾቹ ስድስት ነበሩ። አምስቱን ዘፋኞቹ ራሳቸው ጽፈው ላኩልን። ስድስተኛው የቆየ ዘፈን ነው። ወላጆች አጥብቀው የጠየቁት እሱን ነበር። ከባለቤቶቹ ፈቃድ አገኘን፤ የተጻፈ ግጥም ግን ማንም እጅ ላይ የለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። አንድ ስንኝ ሰማሁ፣ አቆምኩ፣ ጻፍኩ። እንደ እህቴ። ድንጋይ አያልቅም፣ ማጠንጠን የለም። ቢሆንም አንዲት ቃል ላይ ተቸገርኩ። «ሆዴ» ነው ወይስ «ሄደ»? ሁለቱም ትርጉም ይሰጣል። ደጋግሜ ሰምቼ «ሄደ» ብዬ ጻፍኩ።

መጽሔቱ የታደለው ነሐሴ ላይ፣ አንድ መናፈሻ ውስጥ ነው። እናቶች ምግብ አቅርበዋል። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። መቀስ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ስድስት መቀስ። አልበቃም። ማን ቀድሞ ካርዱን እንደሚቆርጥ ጭቅጭቅ ሆነ። ፖስተሩን አንድ ልጅ ሽቦውን በማንኪያ ሲፈታ አየሁት። አንዳንዶቹ ግጥሙን እያዩ መዝፈን ጀመሩ። ስንኞቹ ላይ ይንተባተባሉ፣ አዝማቹ ሲደርስ ድምፃቸው ከፍ ይላል።

አንዲት ልጅ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። 14 ዓመት ቢሆናት ነው። መጽሔቱን ከፍታ ጣቷን የቆየው ዘፈን ላይ አደረገች።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለችኝ። «አያቴ ሁልጊዜ ይሄን ትዘፍናለች። ‹ሆዴ› ነው የሚለው።»

እስክርቢቶ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። «ሄደ» የሚለውን ሠረዘችና ከላዩ «ሆዴ» ብላ ጻፈች፤ ሆ ላይ ትንሽ ቆም ብላ ቅርጹን አስታውሳ። ከዚያ እስክርቢቶውን ይዛ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። አንዷ የራሷን አስተካከለች። ቀጥሎ ሌላዋ። እስክርቢቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየ።

ማታ አዲስ አበባ ደወልኩ። ለእህቴ ነገርኳት። ገጹን ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ዝም ብላ ቆየች። እያንጎራጎረች እንደሆነ ይሰማኛል፤ ያንን ስንኝ ሦስት አራት ጊዜ መለሰችው።

«ልጅቷም ተሳስታለች፣ አንቺም ተሳስተሻል» አለችኝ። «ቆይ፣ ደብተሩን ላምጣ።»